ከያኺ ጋር ስለ መኖሬ

እኔ ክፉ ነገር አስቀድሜ በማሰብ የምታወቅ ሴት ነኝ። ልጅ ሲያስነጥስ ሳንባ ምች፣ ውሻ ሲጮህ ሌባ፣ ደብዳቤ ሲመጣ መርዶ ይታየኛል። በሩን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሼ እነካዋለሁ። ልጆቼ ከሩቅ ቆመው ይጠብቁኛል፤ መሳቅም ትተውታል። እንዲህ ሆኜ እንኳ፣ አንድ ቀን "ከባልሽ ጋር መኖርሽን አስመስክሪ" እባላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ፣ ሦስት ሴት ልጆች ወልጄላቸው፣ ሳላቸውን ከገበያ ሰው ሁሉ ሳል ለይቼ እያወቅሁ!

የመዲና አባት የመን ተወልደው ነው የመጡት። መዲና የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ገና ጢም ሳያወጡ ከአጎታቸው ጋር በጨው መኪና ላይ ተጭነው መካነ ሰላም ገቡ። አጎትየው ሞቱ፣ ሱቁ ቀረ፣ እሳቸውም ከሱቁ ጋር ቀሩ። አማርኛቸው የእኛው የወሎ አማርኛ ነው፤ ሲቆጡ ብቻ ወደ ዓረብኛ ይሻገራሉ። ሰውን ሁሉ ግን የሚጠሩት "ያ አኺ" እያሉ ነበር። "ወንድሜ ሆይ" ማለት ነው። ጨው ገዢውን ያ አኺ፣ ፖሊሱን ያ አኺ፣ ቄሱን ያ አኺ። አንድ ጊዜ ሱቅ የገባችን የሰው ፍየል እንኳ "ውጪ ያ አኺ" ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አገሩም ይህን ሲሰማ ቆየና የእሳቸውኑ ስም ያኺ አለው። የያኺ ሱቅ፣ የያኺ ሚስት፣ የያኺ ልጆች። የወረቀት ስማቸው ሌላ መሆኑን የሚያውቀው ወረቀቱ ብቻ ነበር።

እኔም ብሆን አልጠራውም። እኔ ባደግሁበት ቤት ሴት የባሏን ስም አትጠራም። እናቴ አባቴን የቀበረች ቀን እንኳ "ያ ሰው፣ ያ ሰው" እያለች ነው ያለቀሰችው። እኔ ለሰው ሳወራ "የመዲና አባት" እላለሁ። ራሳቸውን ስጠራ ደግሞ "ስሙ!" ነው የምለው፤ አድምጡኝ ለማለት። ስሙ፣ ራት ቀርቧል። ስሙ፣ ትንሿ አተኩሷታል። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ የከዳን ጊዜ ነው። በዚያ ላይ አብዮቱ ነበር፤ ስብሰባ፣ ምዝገባ፣ ማኅተም። እህል ጠፍቶ ፎርም የተትረፈረፈበት ዘመን ነበር። ደብዳቤው የመጣው ያኔ ነው።

አራተኛ ክፍል ድረስ ስለ ተማርኩ የቤታችን አንባቢ እኔ ነኝ። የመዲና አባት ዓረብኛውን እንጂ የእኛን ፊደል አይለዩም። ጣቴን ከፊደል ወደ ፊደል እያስኬድሁ አነበብኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኢትዮጵያዊት ሚስት አለኝ የሚል የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ ሲፈልግ፣ ከሚስቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር በእርግጥ የሚኖር መሆኑን ከቀበሌው አጽፎ ያቅርብ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካላቀረበ ፈቃዱ አይታደስም፤ አገር ለቆ ይወጣል።

ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛም አነበብኩት፤ ያው ነው።

"ምን ይላል?" አሉ የመዲና አባት።

"አብራችሁ መኖራችሁን አስመስክሩ ይላል።"

"ለማን?"

"ለመንግሥት።"

"እንግዲያ መንግሥት ይምጣና ከእኛ ጋር ይደር፤ መተኛ ካገኘ።"

መተኛስ አልነበረም። እህቴ ከአምስት ልጆቿ ጋር ከዓባይ ቆላ ወጥታ እኛ ዘንድ ከገባች ቆይታለች። የባሏ እናት ተከትለዋታል። እሳቸውን ደግሞ ሁለት ዘመዶች ተከትለዋቸዋል። ሁለት ክፍል በማትሞላ ቤት ውስጥ፣ የመዲና አባትን ሳልቆጥር አሥራ ሦስት ሰው ነበርን። እሳቸው አልጋቸውን ለአሮጊቷ ለቀው ሱቅ ውስጥ በባዶ ጆንያ ላይ ነበር የሚያድሩት። ሱቁም የሚሸጥ ነገር ስላጣ ለመኝታ አይጠብም።

ደብዳቤውን ይዤ ቀበሌ ሄድሁ። መዝጋቢው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነው፤ ጓድ መዝጋቢ እንለዋለን። ዓይኑ እንቅልፍ አይቶ የማያውቅ ይመስላል። ከጠረጴዛው ፊት እስከ ግድግዳው ድረስ ተሰልፎ የእርዳታ ስንዴ የሚጠብቅ ሰው ይመዘግባል፣ ከዚያ መሐል እኔ "ከባሌ ጋር መኖሬን ጻፍልኝ" ብዬ ቆሜያለሁ። አፈርኩ።

"የጋብቻ ወረቀት አላችሁ?" አለኝ።

"ኒካሃችን የታሰረው በቃል ነው። ያሰሩልን ሼህ ሞተዋል።"

"እንግዲያ ነገ መጥቼ ጎረቤት እጠይቃለሁ። አደራ ጓዲት፣ ማንንም እንዳታስጠኚ። ካስጠናሽ ምስክርነቱን አልቀበልም።"

እኔ አታድርጊ ያሉኝን አላደርግም። ለጎረቤት ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ ቤቴ ገብቼ ተቀመጥሁ። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነበር።

በማግስቱ መዝጋቢው መጀመሪያ የሄደው ወደ እትዬ አስካለ ነው። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ልጆቼን ሁሉ ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው። በአጥሩ በኩል ጆሮዬን ጣልሁ።

"እማማ፣ ሙቅቢል ናጂ የሚባል ሰው ያውቃሉ?"

"ማን?"

"ሙቅቢል ናጂ።"

"አላውቅም።"

"ከጎረቤትዎ ጋር ይኖራል ይባላል።"

"ከማን? ከመዲና እናት?" ድምፃቸው እኔ ያለሁበት ብቻ ሳይሆን መስጊዱ ድረስ ተሰማ። "ወላሂ ዋሽተውሃል!" እትዬ አስካለ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፤ ሲናደዱ ግን የሚቀናቸው ወላሂ ነው። "ይቺ የጨዋ ልጅ ናት! ባለትዳር ናት! ሙቅቢል የሚባል ወንድ ደጇን ረግጦ አያውቅም!"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ግድግዳ ተጋርቼ እየኖርሁ? ድመት ሲገባ እሰማለሁ፣ እንኳን ወንድ!"

አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። መጮህ ፈለግሁ፤ ብጮህ ደግሞ ማስጠናት ይሆናል።

ከእሳቸው ወደ ጋሽ ይመር ሄደ፤ እኔም ራቅ ብዬ ተከተልሁት። ጋሽ ይመር የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ኒካሃችን ሲታሰር አጠገቤ የተቀመጡ ምስክር። እሳቸውማ ይናገራሉ ብዬ ተጽናናሁ። ጋሽ ይመር ግን ብልህ ሰው ናቸው፤ ያጠፋንም ብልህነታቸው ነው።

"ሙቅቢል ናጂ?" አሉ ጢማቸውን እየነካኩ። "ነበረ እንዲህ የሚባል ሰው። ሄዷል።"

"የት ሄደ?"

"ሱዳን ሳይሆን አይቀርም።"

"መቼ?"

"ኧረ ቆየ።"

መዝጋቢው ጻፈው። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ሱቅ ገባና ክብሪት ጠየቀ። ሱዳን የሄዱት የመዲና አባት ከባንኮኒው ኋላ ሆነው "የለም ያ አኺ" አሉት። አመስግኖ ወጣ።

እሱ ዞር እንዳለ ወደ እትዬ አስካለ ሮጥሁ።

"ምን አደረግሁዎት እትዬ? የመዲናን አባት እኮ ነው የጠየቀዎት!"

"ያኺን?" እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ምነው ምላሴን በቆረጠው! ያኺ አይለኝም ነበር? ደግሞስ የመዲና እናት፣ የሰው ስም ከነአባቱ ከወረቀት እያነበበ የሚመጣ ሰው ለደግ መጥቶ ያውቃል?"

እውነታቸውን ነው። በዚያ ዘመን ሰው በሙሉ ስሙ ሲፈለግ፣ አላውቀውም ማለት ትልቁ ጉርብትና ነበር። ይህን ለሰፈሩ ያስተማርሁት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔው ነኝ። "የማታውቁት ሰው ስለ ማንም ቢጠይቃችሁ አታውቁም፣ አደራ፣ አታውቁም" እያልሁ ከቤት ቤት ዞሬያለሁ። እንዲህ የሰመረልኝ ትምህርት የለም።

ጋሽ ይመርማ አኮረፉኝ። "ላድነው ብዬ ነው። ሱዳን ስል ሩቅ ነው ብዬ ነው። የመን ብል ኖሮ እዚያው ሂድ ይሉት ነበር።"

መዝጋቢው ዘንድ ተመለስሁ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ያያል።

"አንዷ ምስክር እንዲህ ያለ ሰው የለም ይላሉ። ሌላው ሱዳን ገብቷል ይላሉ። የትኛውን ልያዝ?"

"ሁለቱንም ይተዉት ጓድ። የሰፈሩ ሰው የሚያውቃቸው ያኺ በሚል ስም ነው።"

"ያኺ የሚል ሰነድ ላይ የለም። አብራችሁ የተነሳችሁት ፎቶግራፍ የለም?"

አልነበረንም። የዚያ ሳምንት ገበያ ቀን ግን ከአጅባር በኩል እየዞረ የሚመጣ ፎቶ አንሺ ሳጥኑን በሦስት እግር አቁሞ አገኘነው። የመዲና አባት ያቺን አንዲት ኮታቸውን ለበሱ። እኔ ነጠላዬን አጥቤ ነበር። ሰውየው ጥቁር ጨርቁ ውስጥ ገባና "አትነቃነቁ" አለ።

አልተነቃነቅንም። የተነቃነቀው ገበያው ነው።

"ምንድን ነው?" አለ አንዱ።

"እየመዘገቡ ነው።"

"ለስንዴ ነው?"

"ለምን ሊሆን ነው ሌላ? ባልና ሚስት እየሆናችሁ ቁሙ ተብሏል!"

ያን ጊዜ ሰው ወረቀት የያዘ ካየ ይሰለፋል፤ ሳጥን ያቆመ ካየማ ምን ይጠየቃል። ከኋላችን ቆሙ፣ ከጎናችን ቆሙ፣ ባል የሌላት የሰው ባል ይዛ ቆመች። ኧረ የእኛ ነው፣ ውረዱልን ልል ዞር አልሁ። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ትከሻዬ ሥር ቆማለች። ሕፃኑ አያለቅስም። ማልቀሻ አቅም ያጣ ሕፃን አይታችሁ ከሆነ፣ እኔ ያን ጊዜ ምን እንደሆንሁ አልነግራችሁም። አፌ ተከፍቶ ቀረ። በዚያው ነው የተነሳነው።

መዝጋቢው ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ብዙ ጊዜ አየው።

"አፏ የተከፈተው አንቺ ነሽ። ባልሽ የቱ ነው?"

"ይኸ ዱላ የያዘው ረጅሙ ሰውዬ..."

"እሱ ነው?"

"አይደለም። ከዱላው ኋላ የምትታየው ጆሮ የእሳቸው ናት።"

ፎቶውን አስቀመጠ። "ጓዲት፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር ነው የምትኖሪው?"

"ከሲሶው ጋር፣ አዎ።" እህቴም ልጆቿም አሮጊቷም ሮጠው ገብተው ነበርና።

ቤቱን በዓይኔ ልይ ብሎ መጣ። እሱ ሲገባ አሥራ ሦስታችንም ለመቆም ስንሞክር መቆሚያ አጣን። አሮጊቷ ሊያስወጣቸው የመጣ መስሏቸው አልጋውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ባልሽ የት ነው የሚተኙት?"

እኔ ውሸት አልችልም፤ ብዋሽ ፊቴ ያሳብቃል። "ሱቅ" አልሁ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዝናቡ ከቀረ ጀምሮ።"

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጻፈ። ጽሑፍ በተገለበጠበት በኩል ማንበብ እችላለሁ፣ የአራተኛ ክፍል ትምህርቴ ለዚህ ለዚህ አያንስም። "በመኝታ ተለያይተዋል" ይላል። እንዲህ ያለች ትንሽ ዐረፍተ ነገር የሦስት ልጆች አባት አገር ታስወጣለች ብሎ ማን ያስባል?

ሦስት ቀን ቀረ። ለማንም ሳልናገር ሸሚዛቸውን አጠብሁ። ለዘር ብዬ ከሸሸግኋት ገብስ እፍኝ ቆንጥሬ ቆላሁና በሶ ፈጨሁ፤ በጨርቅ ቋጥሬ ሸሚዙ መሐል አደረግሁት። ሰው መንገድ ሲወጣ ስንቅ ያስፈልገዋል። የሚደርሱበትን ስለማላውቅ ምን ያህል እንደሚበቃ ግን መገመት አቃተኝ።

የመዲና አባት ቋጠሮውን አገኙት።

"የት ልሄድ ነው?"

"የትም።"

"ታዲያ በሶው?"

"ድንገት ቢሆን ብዬ ነው።"

ቋጠሮውን ፈቱና በሶውን ለልጆቹ ሰጡ፤ የእኛን ልጆች ከእህቴ ልጆች ሳይለዩ። "እዚያ እኮ አንድ የማውቀው ሰው የለም" አሉ። "ብሄድ ስሜን የሚጠራ እንኳ አላገኝም።"

"እዚህስ ማን ይጠራዎታል?" አልኋቸው።

ሁለታችንም ሳቅን። ልጆቹ ጣታቸውን ይልሳሉ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ቀበሌው አዳራሽ ተጠራን። የመዲና አባት ከማለዳ ጀምሮ ወረፋ ሲጠብቁ ውለው መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ለምስክርነት ያመጣኋቸው እትዬ አስካለና ጋሽ ይመርም አሉ። ጋሽ ይመር "ከሱዳን ተመልሷል እላለሁ" ሲሉ በልምምጥ ነው ዝም ያሰኘኋቸው። መዝጋቢው ፎርሙን ዘርግቶ እኔን አስቀመጠኝ።

"የመጨረሻ ጥያቄ ነው፤ በቃልሽ መልሺ። የባለቤትሽ ስም?"

ነጠላዬን አስተካከልሁ።

"ጓዲት፣ ስሙ?"

"አዎ።"

"ምን አዎ? ስሙ ነው ያልሁሽ።"

"እኔም እሱኑ ነው የምለው።"

"ምን እያልሽ ነው የምትጠሪው?"

"ስሙ።"

"እኮ፣ ስሙን!"

"ስሙ እላቸዋለሁ።"

"በስሙ ነው የምትጠሪው ማለት ነው?"

"አስተግፊሩላህ! ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም!"

እስኪርብቶውን አስቀመጠ። "ተረጋጊና ንገሪኝ። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ኖርሁ ትያለሽ። ስሙን ትጠሪያለሽ ወይስ አትጠሪም?"

"አልጠራም። ስሙ ነው የምለው።"

ከኋላ ስንዴ የሚጠብቀው ሰው ይስቅ ጀመር። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሳቀ እንጃ፤ እንደ ሳል ነበር የሚወጣው። እትዬ አስካለ አልቻሉም። "አድምጡ ማለቷ ነው እኮ ጓድ! ስሙ! እንደ ኑ፣ እንደ ብሉ!"

መዝጋቢው ፊቱ ቀላ። ይቀለድብኛል ብሎ እንደሆነ ገባኝ። ብድግ አለና ወረቀቱን ይዞ ወደ አዳራሹ ጮኸ። "ሙቅቢል ናጂ!"

ማንም አልመለሰም።

"ሙቅቢል ናጂ! ያለህ ቅረብ!"

ሰው ሁሉ ወዲያና ወዲህ ይተያያል። የመዲና አባት መስኮቱ ሥር፣ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ለአንድ አፍታ እንኳ ቅንድባቸው አልተነቃነቀም። ሙቅቢልን ከአጎታቸው ሞት ወዲህ የጠራው የለም።

"ይኸው" አለ መዝጋቢው ወደ እኔ ዞሮ፣ ተቆጥቶ ሳይሆን ደክሞት። "ሰውየው ራሱ ስሙን አያውቀውም። እኔ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?"

ወረቀቱን ሊያጥፍ ጫፉን ያዘ። እኔ ሌላ ነገር አልታየኝም። ድምፄን እንኳ ከፍ አላደረግሁም፤ ቤት ውስጥ እንደምለው ነው ያልሁት።

"ስሙ።"

"ወይ!" አሉ የመዲና አባት፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ምነው? ልጆቹ ደኅና ናቸው?"

መዝጋቢው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። ተመልሶ ተቀመጠ። ወረቀቱን ዘረጋው። ሲጽፍ በተገለበጠው በኩል ተከተልሁት። "ግለሰቡ በሰነድ ስማቸው ሲጠሩ የማይሰሙ ሲሆን፣ ሚስታቸው ስትጠራቸው ግን በእንቅልፍ ልባቸውም የሚመልሱ መሆናቸው በጽሕፈት ቤታችን ፊት ስለ ተረጋገጠ፣ አብረው ይኖራሉ።" አተመበት። ማኅተሙ ቀለም አልቆበት ነበርና ሁለቴ መታው።

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አጣጥፌ፣ ደረቴ ውስጥ ከትቼ፣ ቤት እስክደርስ ሰባቴ ነካሁት። ፈቃዱ ታደሰ። ለአንድ ዓመት።

ዓመት ደግሞ ምን አላት። በመሐል ዝናብ ትንሽ ጣለ፤ እህቴ ልጆቿን ይዛ ወደ ቆላዋ ወረደች፤ ይዛ የመጣችውን ሁሉ ግን ይዛ አልተመለሰችም፣ አሮጊቷን እዚሁ ቀብረናቸዋል። የመዲና አባት ወደ አልጋቸው ተመለሱ። እኔም የጎረቤቶቼን ትምህርት እንደ አዲስ ጀመርሁ። "ሙቅቢል በሉ እትዬ። ሙቅ፣ ቢል።" እትዬ አስካለ ጥሩ አድርገው ያዙት። ጋሽ ይመርም ሱዳንን ለመተው ቃል ገቡ። ራሴም ስማቸውን ጓዳ ገብቼ፣ ማንም በሌለበት፣ በሹክሹክታ ተለማመድሁ። ሰው ፊት ልናገረው እደፍር እንደሆነ ግን አላህ ያውቃል።

ቀኑ ደረሰና ቀበሌ ሄድን። ያ መዝጋቢ ተዛውሮ ሌላ መጥቷል፤ ይኸኛው መነጽር አለው። የመዲና አባት ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አዲሱ መዝጋቢ ፎርሙን ገለጠ፣ እስኪርብቶውን አነሳ፣ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

"ስሙ?"

የተለማመድሁትን ልናገር አፌን ስከፍት፣ የመዲና አባት ከኋላዬ ቀደሙኝ።

"ወይ!" አሉ።